የማን ወኪል ነህ?

ቶማስን መጀመሪያ ያየችው ጎረቤቱ ማሂ ናት። ማክሰኞ ጠዋት ፀጉር ቤቷን ልትከፍት ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ስትወርድ፣ የሱ ኦፊስ በር ገርበብ ብሏል። «ቶሚ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ በጠዋቱ?» ብላ አንገቷን ብታስገባ፣ ሰውዬው ጠረጴዛው ሥር በደም ተነክሮ ተዘርግቷል። የማሂን ጩኸት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከመንገዱ ማዶ ነዳጅ ማደያው ድረስ ተሰምቶ፣ ፖሊስ የጠራው የማደያው ሠራተኛ ነው።

መርማሪ ወይንሸት ስትደርስ አምቡላንሱ ሄዷል። ወይንሸት ከሱዳን የስደተኞች ጣቢያ በልጅነቷ መጥታ እዚሁ አትላንታ ያደገች፣ በካውንቲው ፖሊስ ውስጥ አማርኛ የምትናገር አንዲት መርማሪ ናት። ሐበሻ ከሐበሻ ተጋጨ በተባለ ቁጥር የሚጠሩት እሷን ነው። መርማሪም፣ አስተርጓሚም፣ ሽማግሌም ሆና ትሠራለች፤ ደሞዙ ግን ያው የአንድ ሰው ነው።

«በሕይወት አለ?» አለች ገና ከበሩ።

«ይተነፍሳል፤ ግን አልነቃም» አላት የሥራ ጓደኛዋ ሳጅን ሃሪስ። «ጭንቅላቱን የጠረጴዛው ጠርዝ ነው ያገኘው። ሰው ገፍትሮታል፤ የሸሚዙ ቁልፎች ተበጥሰዋል። እጁ ላይ ያለው ስማርት ሰዓት መውደቁን መዝግቧል፣ ሊነጋጋ ሲል ነው። በሩ አልተሰበረም፤ ላፕቶፑም ዋሌቱም አለ።»

«የሚያውቀው ሰው ነዋ። ራሱ ነው የከፈተለት።»

መሬት ላይ አንድ ካርቶን ተገልብጦ በራሪ ወረቀት ተበትኗል። ወይንሸት ወረቀቱን ታውቀዋለች፤ በየምግብ ቤቱ መስተዋት ላይ ሳታየው የዋለችበት ቀን የለም። «የወደብ ወዳጆች» ይላል፤ ለወገን የሚጠቅም ወደብ እንዲለማ የጆርጂያ ተመራጮችን ፈርማችሁ ጠይቁ ይላል። ይህኛው ግን አዲስ እትም ነው፣ ከግርጌው ደመቅ ያለ ተጨማሪ መስመር አለው፦ ይህን ጽሑፍ የማሰራጨው በውጭ አገር የወደብ ኩባንያ ወኪልነቴ ነው፤ ዝርዝሩ በፍትሕ ሚኒስቴር ይገኛል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሃሪስ፣ ተርጉማ ስትነግረው።

«ሕግ ነዋ፣ የናንተው ሕግ! ለውጭ መንግሥት ወይም ለውጭ ኩባንያ ብሎ እዚህ አገር ባለሥልጣን የሚያግባባ፣ ሕዝብ የሚቀሰቅስ ሰው፣ ማን እንደላከውና አብረውት የሚሠሩት እነማን እንደሆኑ አስመዝግቦ ለሁሉም ሰው በግልጽ ማሳየት አለበት። ሥራው አልተከለከለም። የተከለከለው መደበቁ ነው።»

«እስከ ዛሬ ደብቆ ነበር ማለት ነው?»

ወይንሸት መልስ መስጠት አላስፈለጋትም፤ ማሂ በር ላይ ሆና እንባዋን እየጠረገች ጀመረችው። «ወይኑዬ፣ እኔ ሰው ማማት አልወድም...» ብላ የእሁዱን ነገር አንድ ሳታስቀር ተረከች። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ቶማስ ፊርማ ሲያሰባስብ ጋሽ ሙላው ተነሥተው ቆሙ። ጋሽ ሙላው የእድሩ ሰብሳቢ፣ ኤርፖርት ሰው በማመላለስ የሚተዳደሩ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። «ቶማስ፣ የማን ወኪል ነህ?» አሉት ሰው ሁሉ እየሰማ። «ከጀርባህ ማን አለ? በወገን ስም ስታስፈርመን ማን እንደላከህ ንገረን! አልናገርም ካልክ እኔ አንገትህን ይዤ አናግርሃለሁ!»

«አንገትህን ይዤ?» አለ ሃሪስ፣ ስትተረጉምለት።

«አባባል ነው» አለች ወይንሸት። ውስጧ ግን ስጋት ገባው፤ የቶማስ የሸሚዝ ቁልፎች የተበጠሱት አንገቱ ሥር ነው።

*

ስቶን ማውንቴን ጋሽ ሙላው ቤት በሩን የከፈቱላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ አበባ ነበሩ፣ በፈገግታ ተሞልተው። «ወይ እንግዳ! ግቡ፣ ግቡ! ምን ሆናችሁ በዚህ ጠዋት? ቁርስ ሳትበሉማ አትሄዱም» እያሉ ሃሪስን ሳይቀር ጉንጩን ሳሙት። ሻይና ዳቦ ቀረበ። ፖሊስ ነን ቢሏቸው እንኳ፣ «ይሁና፣ ፖሊስ ሆድ የለውም?» አሉ።

ጋሽ ሙላው ሶፋው ጥግ ላይ ተኮራምተው ተቀምጠዋል። የቶማስን ነገር ሲሰሙ ደነገጡ። «እግዚኦ! ይተርፋል?»

«አላወቅንም። ጋሽ ሙላው፣ ዛሬ ሊነጋጋ ሲል የት ነበሩ?»

እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ወይዘሮ አበባ ቀደሙ። «ኤርፖርት ነዋ! ደንበኛ ላድርስ ብሎ በጨለማ ነው የወጣው።»

«ማንን አደረሱ?» አለች ወይንሸት።

ጋሽ ሙላው ምንጣፉን አዩ። «ደንበኛ።»

ወይዘሮ አበባ ሻይ ሊጨምሩ ወደ ኩሽና ሲሄዱ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እንዳትጠይቂኝ። ተጣልቼዋለሁ፤ እጄን ግን አላነሳሁበትም። ከዚህ ሌላ ቃል የለኝም።»

«እንዲህማ አይሆንም ጋሼ...»

«ሽሽ!» አሉ፤ ወይዘሮ አበባ ተመልሰዋል።

«ሐሙስ ለት የልቤን ቧንቧ ሊከፍቱልኝ ነው» አሉ ሴትዮዋ ስኳሩን እያማሰሉ። «ሐኪሙ ቢዘገይ አደጋ ነው ብሏል። እኔ ደግሞ ሙላው እጄን ካልያዘ አልተኛላችሁም ብያቸዋለሁ። ሳቁብኝ፤ ይሳቁ!»

ከበር ሲወጡ ሃሪስ፣ «ሴትዮዋ ድንቅ ናቸው፤ ሰውዬው ግን ይዋሻሉ» አለ። ወይንሸትም ያንኑ ነበር የምታስበው፣ እንዳሰበችውም ከፋት።

*

ውሸቱ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወጣ። ጋሽ ሙላው የሚሠሩበት ድርጅት ማክሰኞ ጠዋት ምንም የኤርፖርት ሥራ አልመዘገበላቸውም፤ ስልካቸውም ከሌሊቱ ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። ከቤታቸው ፊት ለፊት የሚኖሩት አሜሪካዊት ደግሞ የበራቸውን ካሜራ ምስል ሰጡ። ጋሽ ሙላው በጨለማ መኪናቸውን አስነሥተው ሲሄዱ ይታያል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይመለሳሉ።

በመሃሉ ሌላም ነገር አለ። እዚያው አጠገባቸው ካለው ከወይዘሮ ኪዳነምሕረት ቤት ሴቶች ተራ በተራ ሲገቡ ይታያል፣ ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው። ሲነጋ ይወጣሉ፤ ያኔ ጥለቱ ወደ ታች ወርዷል።

«ልብስ ቀያየሩ እንዴ?» አለ ሃሪስ።

«ያንኑ ነጠላ ገልብጠው ነው የለበሱት። ጸሎት ኖሯቸው ይሆናል» አለች ወይንሸት። ወይዘሮ ኪዳነምሕረትን ደውላ ስትጠይቃቸውም፣ «አዎን ልጄ፣ ጸሎት ነበረን» ብለው ስልኩን ቶሎ ዘጉት። ሴቶች ጸለዩ ተብሎ ምን ይደረጋል? ነገሩን ተወችው። ዐይኗ የነበረው የጋሽ ሙላው መኪና ላይ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ሙላውን ወደ ጣቢያ ወሰዷቸው። ወይንሸት ከዚያ በፊት ስንት ሌባና ቀማኛ በካቴና አስራ ነድታለች፤ እኚህን ሰው ግን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«ጋሽ ሙላው፣ በልጅዎ ይዤዎታለሁ፣ ይናገሩ። የት ነበሩ?»

«ነገ ማታ እነግርሻለሁ።»

«ነገ ማታማ ዐቃቤ ሕጉ ክስ አቅርቦ፣ እርስዎ ወህኒ ወርደው! ለምን ነገ ማታ? ለምን አሁን አይሆንም?»

«መሐላ አለብኝ። ደግሞ አንቺ ብነግርሽ ልታጣሪ መሄድሽ አይቀርም። ስታጣሪ ይሰማል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። ይሁን፣ ልታሰር።»

ኮሪደሩ ላይ ስልኳ ጮኸ። ወይዘሮ አበባ ናቸው። አላለቀሱም፤ ድምፃቸው ግን እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። «ወይንሸት ልጄ፣ ሆስፒታሉ ደውሎ ነበር። ሙላው ካልተፈታ አልመጣም ብያለሁ።»

«እትዬ አበባ፣ ሐኪሙ እኮ...»

«ሐኪሙ ያለውን አውቃለሁ። እኔም ያልኩትን ብያለሁ።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ሽማግሌው እስከ ነገ ጠዋት ካልተፈቱ ሴትዮዋ አልጋው ላይ አይወጡም። አልጋው ላይ ካልወጡ ደግሞ ልባቸው ስንት ቀን እንደሚታገሥ የሚያውቅ የለም። ወይንሸት ግድግዳውን ተደገፈች። «ምነው መምህር በሆንኩ!» አለች ለራሷ።

አንድ ነገር ግን ዕረፍት ነሳት። ያ ከግርጌው መስመር የተጨመረበት ወረቀት። ጋሽ ሙላው የጠየቁት ቶማስ ማን እንደላከው ይናገር ነው፤ ቶማስም ሊናገር ወስኖ አሳትሟል። ታዲያ ያሸነፈ ሰው ምን ሊያደርግ በጨለማ ሄዶ ይማታል? የሚማታውማ ተሸናፊው ነው። በቶማስ መናገር የሚጎዳ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው።

*

ሆስፒታል ከቶማስ ክፍል በር ላይ ያልተነሣው ሰው ግሩም ነው፣ የቶማስ የልብ ጓደኛ። ሱፍ ለባሽ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ በጆርጂያ ምክር ቤት የአንድ ተመራጭ ረዳት ሆኖ የሚሠራ። ማኅበረሰቡ ይኮራበታል፤ «የኛ ልጅ ካፒቶል ገባ» ተብሎ ኬክ ተቆርሶለታል።

«ነቃ?» አለችው ወይንሸት።

«አልነቃም። ሐኪሞቹ ይነቃል ይላሉ። አይ ሚን፣ መጠበቅ ነው።» ዐይኑ ደም መስሏል። «ጋሽ ሙላውን አሰራችሁ የሚባለው እውነት ነው? ወይኑ፣ ኖ ዌይ! እኚያ ሰውዬ ዝንብ አይገድሉም።»

«የት እንደነበሩ አልናገርም አሉ።»

«ውይ ወይኑ! እኔ እነግርሻለሁ። አብረን ነበርን።»

ወይንሸት ቀና አለች። «የት?»

«ስቶን ማውንቴን። የእትዬ አበባ እናት ደሴ ላይ አረፉ አይደል፣ ሰኞ። እንደ ደንቡ ማክሰኞ ሊነጋ ሲል ኪዳነምሕረት ቤት ተሰብስበን መርዶ ልናረዳ ሄድን። እኔም ነበርኩ፣ ጋሽ ሙላውም ነበሩ። ስንት ሰው አለ መሰለሽ!»

ወይንሸት ልቧ ዘለለ፣ በደስታ። ሽማግሌው ዳኑ! ከዚያ ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ቆነጠጣት። ፊቷን ሳትለውጥ ጠየቀች፦ «እትዬ አበባ እንዴት ሆኑ ሲሰሙ?»

«ምኑን እነግርሻለሁ!» ግሩም ራሱን ነቀነቀ። «ደረታቸውን መቱ፣ መሬት ላይ ወደቁ። እኔ ነኝ ደግፌ ያነሣኋቸው። ሸሚዜ በእንባቸው ራሰ።»

«ያሳዝናል» አለች ወይንሸት። «እግዚአብሔር ያጽናቸው።»

ሊፍቱን አልጠበቀችም፤ ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

*

መኪናዋ ውስጥ ሆና ምስሉን ደግማ ከፈተችው። ሃሪስ አጠገቧ በርገሩን ይዞ ተቀምጧል።

«አየህ፣ ነጠላ እንዲህ ጥለቱ ወደ አንገት ሲሆን የኀዘን ነው። ምን ነክቶኝ ነው ትናንት ያላስተዋልኩት! እናቴ ብትሰማ ታፍርብኛለች። ሴቶቹ ሲገቡ ለለቅሶ ለብሰዋል። ሲወጡ ግን የደህና ቀን አለባበስ ነው።»

«እና?»

«እናማ፣ አንድም ሰው ወደ እትዬ አበባ ቤት አልሄደም፤ ከኪዳነምሕረት ቤት ወጥተው በየመኪናቸው ተበተኑ። ማክሰኞ ጠዋት እኛ ስንሄድ እትዬ አበባ ምን አደረጉ?»

ሃሪስ ጉንጩን ዳሰሰ። «ሳሙኝ።»

«እናቱ የሞተችበት ሰው በዚያው ጠዋት እየሳቀ ዳቦ አይቆርስም። መርዶው አልተነገረም፣ ሃሪስ!»

ወይዘሮ ኪዳነምሕረት በሩን ገርበብ አድርገው ሲያይዋት ዐይናቸው ሸሸ። ወይንሸት ጊዜ አላጠፋችም። «እትዬ፣ እኔ ለእትዬ አበባ ትንፍሽ አልልም። ግን ጋሽ ሙላው ስለዚህ ነገር ታስረው ነው ያሉት። የሆነውን ይንገሩኝ።»

ሴትዮዋ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። «ወይ መድኃኔ ዓለም! እሱ ሰውዬ ወህኒ ገብቶም ዝም አለ?» ከዚያ ዘረገፉት። ሙላው ሚስቱ እንዳታይ መኪናውን ኤርፖርት ልሄድ ብሎ አስነሥቶ፣ ወዲያ ማዶ አቁሞ፣ በጓሮ በር ገባ። ሰው ተሰበሰበ። ሊነጋ ሲል እንሂድ ብለው ሲነሡ ከመካከላቸው ነርስ የሆነችው ሚካኤላ በር ላይ ቆመች። ሐሙስ ልቧን ለምትታከም ሴት ዛሬ መርዶ የሚያረዳ ገዳይዋ ነው አለቻቸው። ተከራከሩ። በመጨረሻ ሕክምናው እስኪያልቅ አንድም ሰው እንዳይተነፍስ ማሉ፤ አበባ በመስኮት ብታይ እንዳይገባት ብለውም ነጠላቸውን ገለበጡ።

«ጋሽ ሙላው ከመካከላችሁ አልወጡም?»

«ከእግሬ ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ ነበር፣ የት ይወጣል?»

«ግሩምስ?»

«የቱ ግሩም? የካፒቶሉ? ሰኞ ማታ ደውዬለት እመጣለሁ ብሎ ቀረ እንጂ።»

«እኔ ነኝ እትዬ አበባን ደግፌ ያነሣኋቸው ይላል።»

የወይዘሮ ኪዳነምሕረት ንዴት መጣ። «እህ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! አይ የኛ ልጅ!»

*

ግሩም ሆስፒታሉ ካፌ ውስጥ ነበር። ወይንሸት ፊት ለፊቱ፣ ሃሪስ ከጎኑ ተቀመጡ። መብቱን ነገሩት፤ እሱም ሳቅ ብሎ፣ «ምን ጠበቃ ያስፈልገኛል፣ እኔ ምስክር ነኝ» አለ።

«ግሩም፣ እትዬ አበባ ሲወድቁ ምን ለብሰው ነበር?»

«ጥቁር... አይ፣ ገና ከእንቅልፍ ነው የተነሡት፣ የሌሊት ልብስ።»

«እትዬ አበባ እስከዚች ሰዓት አልተረዱም።»

የያዘው ስኒ ከንፈሩ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«መርዶው ቀርቷል። በልባቸው ምክንያት አዘገዩት፤ ለማንም እንዳይናገሩ ስለማሉም አንተን ደውሎ ያስጠነቀቀህ የለም። አንተ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው ሄደው አርድተዋል ብለህ ገመትክ።»

«ተሳስቼ... ለቅሶ እኮ ይቀላቀላል፣ የሌላ ሰው ይሆናል...»

«የስልክ ኩባንያው መዝገብ እንደሚለው ስልክህ ማክሰኞ ሊነጋ ሲል ብራያርክሊፍ ላይ ነበር» አለ ሃሪስ። እንግሊዝኛው እንደ ማኅተም አረፈ።

ግሩም ስኒውን አስቀመጠ። «ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ማን ማን እንደነበረ ማን ይቆጥራል ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ። «ደግሞ ጋሽ ሙላውም ይፈታሉ። ሁለታችንም እንድናለን ብዬ።»

«ቶማስ ምን አደረገህ?»

«ምዝገባው! እሁድ አዳራሽ ከተዋረደ በኋላ እንቅልፍ አጣ። እመዘገባለሁ አለ፤ ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሞልቼ እልካለሁ አለ። አብረውት የሠሩትን ሁሉ ስም ጥቀስ ይላል ሕጉ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ወይኑ! ከካፒቶል ሆኜ ተመራጮቹን የማገናኘው እኔ ነበርኩ፣ ከኩባንያው እየተከፈለኝ። ስሜን ተው ብዬ ለመንኩት። ‹ማንንም አልደብቅም፣ እኔንም አልደብቅም› አለኝ። ኮሌታውን ያዝኩት፣ ገፈተርኩት። ልገድለው አልነበረም፣ ሙች!»

«አምቡላንስ አልጠራህለትም።»

እንባው ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ፤ ይኼኛው እንኳ እውነተኛ ነበር።

*

ጋሽ ሙላው ረቡዕ ማምሻውን ተፈቱ። ወይንሸት ራሷ ነች ቤታቸው ያደረሰቻቸው። መንገድ ላይ ሁሉንም እንዳወቀች፣ ለወይዘሮ አበባ ግን ማንም እንዳልነገራቸው ስትነግራቸው፣ ሽማግሌው እጇን ይዘው ሳሙት። «ተባረኪ፤ ማኅፀንሽ ይባረክ» አሉ። ወይንሸት መሪውን ይዛ መንገዱ ጭልም እስኪልባት አለቀሰች።

ሐሙስ ወይዘሮ አበባ አልጋው ላይ ወጡ፤ ጋሽ ሙላው እጃቸውን ያዙ፤ ቧንቧው ተከፈተ። በዚያው ቀን ቶማስ ነቃ። የመጀመሪያ ጥያቄው ውሃ፣ ሁለተኛው ላፕቶፕ ነበር። ምዝገባውን በተጠቀለለ ጭንቅላቱ ሞልቶ ላከው፣ የራሱንም የግሩምንም ስም ጽፎ። ከሕግ የሚጠብቀው ቅጣት ይኖራል፤ ይሁንና ጋሽ ሙላው ሊጠይቁት ሲሄዱ፣ «አሁን የማን ወኪል እንደሆንክ አወቅን፣ እግዚአብሔር ይማርህ» ብለው ግንባሩን ሳሙት።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ሰዉ እንደገና ተሰበሰበ። ወይንሸትም ተጠርታ ነበር፤ ሃሪስ ሳይቀር ጥቁር ኮት ለብሶ መጣ። በጨለማ ተከታትለው ወደ ጋሽ ሙላው በር ተጠጉ። ወይዘሮ ኪዳነምሕረት እጃቸውን ሊያንኳኩ አነሡ።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ወይዘሮ አበባ ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። ከኋላቸው ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል።

«ግቡ» አሉ። «ስንት ቀን ነው የምጠብቃችሁ?»

ጋሽ ሙላው፣ «አበባ... ታውቂ ነበር?» አሉ።

«ሰኞ ማታ የእህቴ ልጅ የእማዬን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፋለች። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አንተ ደግሞ ልቤን ፈርተህ ፊትህ አመድ መስሎ ስትዞር አየሁህ። ማወቄን ብታውቅ ደም ብዛትህ ይነሣል አልኩና፣ ያ ሁሉ ፖሊስ ሲመጣ እንኳ ጥርሴን ገልጬ ሻይ ቀዳሁ።»

«እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ወህኒ ገባሁ!»

«ለምን እንደገባህ ብትነግረኝ እኔ አስወጣህ አልነበር!»

ወይንሸት አጥሩን ያዘች። ማክሰኞ ያየችው ያ ፈገግታ፣ ግሩምን የያዘችበት ፈገግታ፣ ለካስ እንባ የታፈነበት ነበር። መርዶው አለመነገሩ እውነት ሆነ እንጂ፣ እሷስ ተሸውዳ ነበር። ደግነቱ ማንም አልተጎዳበትም፤ እግዜር ይመስገን።

ጋሽ ሙላው ሚስታቸው አንገት ላይ ወደቁ። ሁለቱም አለቀሱ፣ ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው፣ ከዚያ ደግሞ አለቀሱ። ሰዉም ገብቶ በየወንበሩ ተቀመጠ፤ እናትየው ዘጠና ዓመት አልፏቸው፣ ልጅ የልጅ ልጅ አይተው ነው የሞቱት፣ እያለ ማጽናናት ጀመረ። ወይንሸት ከወይዘሮ አበባ አጠገብ ተቀመጠች። ሴትዮዋ እጇን ወስደው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና፣ «ልቤ ድኗል፣ ልጄ፤ አሁን እንደ ልቤ አለቅሳለሁ» አሏት።